ሞንቴ ዴይ ፓስኪና ሲዬና፦ የአንድ ባንክና የአንድ ከተማ ትስስር

ሞንቴ ዴይ ፓስኪ ዲ ሲዬና እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉ የዓለም ባንኮች አንጋፋው በመባል ይታወቃል። የተመሠረተው በ1472 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በጣሊያን የቶስካና ክልል በምትገኘው በሲዬና ከተማ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ዛሬም ከ50 ሺህ ብዙ አይበልጥም። ይሁን እንጂ ባንኳ በ21ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጣሊያን በትልቅነቱ ሦስተኛ ለመሆን በቅቶ ነበር። ዐሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ ግን ያለ መንግሥት ድጋፍ መቆም አቃተው። በ2017 የጣሊያን ግምጃ ቤት 68 በመቶ ድርሻውን ሲይዝ፣ ለዘመናት ባለቤቱ የነበረችው ከተማ እጅ ባዶ ሊባል በሚችል ደረጃ ቀረ።

ለውድቀቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው፤ የጥቂት ኃላፊዎች ጥፋትና በውድ ዋጋ የተገዛ አንድ ሌላ ባንክ። ሁለቱም ድርሻ አላቸው። የነገሩ ሥር ግን ራቅ ብሎ በባንኩና በከተማዋ መካከል በነበረው የዋስትና ግንኙነት ውስጥ ይገኛል። ባንኩ ሲጸና የቆመው ከእርሱ ውጭ በሆነ ሀብት ዋስትና ነበር። ሲወድቅ ግን ከተማዋ ከባንኩ ሌላ ሀብት አልነበራትም። ታሪኩ በቅደም ተከተል ሲታይ ይህ መገለባበጥ ደረጃ በደረጃ የመጣ መሆኑ ይታያል።

የመያዣ ብድር ቤት

በ15ኛው ምዕተ ዓመት በጣሊያን ከተሞች ድንገት ገንዘብ የቸገረው ድሃ አማራጩ ጠባብ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በወለድ ማበደርን ትከለክላለች፤ ፈቃድ ይዘው የሚያበድሩትም የሚጠይቁት ወለድ ለድሃው ከባድ ነበር። የፍራንቸስኮ ማኅበር መነኮሳት አራጣን እያወገዙ በየከተማው ሲሰብኩ መፍትሔ አድርገው ያቀረቡት «ሞንቴ ዲ ፒየታ» የሚባለውን የመያዣ ብድር ቤት ነው። ከቀደምቶቹ አንዱ በ1462 በፔሩጃ ተከፈተ።

የሲዬናው ከሌሎቹ የሚለየው በመሥራቹ ነው። ያቋቋመው ራሱ የሲዬና ሪፐብሊክ መንግሥት ስለነበር ከመጀመሪያው የከተማዋ የጋራ ንብረት ሆኖ ተወለደ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ተበዳሪው ካባውን፣ ቀለበቱን ወይም የመዳብ ድስቱን ያስይዛል፤ ዕቃው ተገምቶ ከግምቱ ዝቅ ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል። በጊዜው ከከፈለ ዕቃውን ይወስዳል፤ ካልከፈለ ዕቃው በጨረታ ይሸጥና ከዕዳው የተረፈው ለባለቤቱ ይመለሳል። ወለዱ በዓመት 7.5 በመቶ ነበር። የወለዱ ዓላማ ትርፍ ማብዛት ሳይሆን የሠራተኛና የመጋዘን ወጪን መሸፈን ነው። በዚህ ዓይነት ብድር አበዳሪው እምብዛም አይከስርም፤ የእያንዳንዱ ብድር ዋስትና ከብድሩ የሚበልጥ ዋጋ ያለውና በእጅ የተያዘ ዕቃ ነውና።

የግጦሽ መሬቱ ዋስትና

ሲዬና ነጻነቷን ያጣችው ከረጅም ከበባ በኋላ በ1555 ነው። ከተማዋም ግዛቷም የባላንጣዋ የፍሎሬንስ ገዢዎች የሆኑት የሜዲቺ ቤተሰብ ይዞታ ሆኑ። ንግዱ ተዳከመ፤ እርሻውም ገንዘብ አጣ። የመያዣ ብድር ቤቱ ለዕለት ችግር እንጂ ለእርሻ ሥራ የሚበቃ ብድር መስጠት አይችልም ነበር። ስለዚህ የከተማዋ ሰዎች ለገበሬውና ለባለመሬቱ የሚያበድር ሁለተኛ ተቋም እንዲፈቀድላቸው ለሜዲቺው ገዢ ለቶስካናው ታላቅ መስፍን አመለከቱ። ፈቃዱ በ1624 በዳግማዊ ፈርዲናንዶ ዘመን ተሰጠ።

የዚህ ተቋም ብልሃት በዋስትናው ላይ ነበር። ከሲዬና በስተ ደቡብ እስከ ባሕሩ ዳርቻ የሚዘልቀው የማሬማ ቆላ በበጋ ወባ የሚያጠቃው ስለነበር ነዋሪው ጥቂት ነበር። በክረምት ግን የአፔኒን ተራሮች በረዶ ሲሸፍናቸው እረኞች መንጋቸውን ወደዚያ ያወርዳሉ። ሣሩ የመንግሥት ስለሆነ ለሚያሰማሩት ከብትና በግ የግጦሽ ክፍያ ይከፍላሉ። ታላቁ መስፍን ከዚህ ገቢ በዓመት 10 ሺህ ስኩዶ (የጊዜው ገንዘብ) ለአዲሱ ተቋም ዋስትና አድርጎ መደበ። በዚህም ተማምኖ ተቋሙ ከሕዝብ 200 ሺህ ስኩዶ ማሰባሰብ ቻለ። አሥሩ ሺህ የሁለት መቶ ሺሁ አምስት በመቶ ነው፤ ገንዘባቸውን ያስቀመጡ ሰዎች የሚያገኙት ዓመታዊ ወለድ ከዚሁ ገቢ ዋስትና አገኘ ማለት ነው። ባንኩ ዛሬ የሚጠራበት «ዴይ ፓስኪ» የተባለው ስም የመጣው ከእነዚሁ የግጦሽ መሬቶች ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ወሳኝ ነገር አለ። የግጦሹ ገቢ ከባንኩ ሥራ ጋር አይገናኝም። ባንኩ በአንድ ዓመት ብዙ ብድር ቢበላሽበት እንኳ መንጋው ወደ ማሬማ መውረዱን አያቆምም። ስለዚህ ዋሱ ከተዋሰለት ጋር አብሮ አይወድቅም ነበር።

የዝግታ ዘመን

ከዚያ በኋላ ያሉት ዘመናት ጎልቶ የሚነገር ነገር የላቸውም፤ ለባንክ ደግሞ ይህ መልካም ምልክት ነው። የመያዣ ብድር ቤቱና የግጦሽ ዋስትና ያለው ተቋም በ1783 በአንድ አስተዳደር ሥር ተዋሐዱ። ጣሊያን አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላ በ1872 ባንኩ የዛሬ ስሙን ያዘ። በ1936 ደግሞ በሕዝባዊ ሕግ የሚተዳደር የብድር ተቋም ተባለ። ይህ ማለት አክሲዮን የሌለው፣ ሊሸጥ የማይችል፣ የበላይ ኃላፊዎቹም በሕዝብ አካላት የሚሾሙ ባንክ ሆነ ማለት ነው። ከትርፉ ከፊሉ ለመጠባበቂያ ይውላል፤ ከፊሉ ለበጎ አድራጎትና ለከተማዋ ጥቅም ይመደባል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ በመካከለኛው ዘመን የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ በነበረው በሳሊምቤኒ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ አደባባይ መካከል የቆመው የሳሉስቲዮ ባንዲኒ ሐውልት ነው። ባንዲኒ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የኖረ የሲዬና ካህንና የምጣኔ ሀብት ጸሐፊ ሲሆን፣ የተራቆተችው ማሬማ የምታገግመው የእህል ንግዷ ከቁጥጥር ሲላቀቅ ነው ብሎ የተከራከረ ሰው ነው። ባንኩ በደጁ እንዲቆም የተመረጠው ሰው የመሬትና የገበሬ ጉዳይ ያስጨነቀው መሆኑ የተቋሙን የቀድሞ ጠባይ በሚገባ ይናገራል።

ከ1995 በኋላ፦ ባንኩና ፋውንዴሽኑ

በ1990 የወጣው የአማቶ ሕግ የጣሊያን የሕዝብ ባንኮች ወደ አክሲዮን ማኅበርነት እንዲለወጡ መንገድ ከፈተ። የባንኩ ሥራ ወደ አክሲዮን ማኅበር ሲተላለፍ፣ አክሲዮኑን የሚይዘው ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ይሆናል። ፋውንዴሽኑ የትርፍ ድርሻ እየተቀበለ ገንዘቡን ለአካባቢው ባህል፣ ትምህርት፣ ጤናና ምርምር ያውላል። ሞንቴ ዴይ ፓስኪ በዚህ መልክ ለሁለት የተከፈለው በ1995 ሲሆን፣ ባንኩ በ1999 ሚላኖ የአክሲዮን ገበያ ገባ።

የፋውንዴሽኑን የበላይ አካል አባላት በብዛት የሚሰይሙት የሲዬና ማዘጋጃ ቤትና የሲዬና አውራጃ አስተዳደር ነበሩ፤ ከ16ቱ 13ቱ የእነርሱ ምርጫ ናቸው። ቀሪዎቹን የቶስካና ክልል፣ ዩኒቨርሲቲውና ሊቀ ጳጳሱ ይሰይማሉ። ፋውንዴሽኑ የባንኩን ቦርድ ይመርጣል፤ ባንኩ የትርፍ ድርሻ ይከፍላል፤ ፋውንዴሽኑም ያንኑ ገንዘብ መልሶ ለከተማዋ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ክብ ውስጥ «ይህ ብድር፣ ይህ ግዢ አያዋጣም» ብሎ የሚከራከር የውጭ ሰው ቦታ አያገኝም። ሿሚው የተሿሚውን ትርፍ የሚጠብቅ ነው፤ ተሿሚውም ሿሚውን ለማስደሰት የትርፍ ድርሻውን ማሳደግ አለበት።

በእነዚያ ዓመታት ለሲዬና የፈሰሰው ገንዘብ ከከተማዋ መጠን ጋር ሲተያይ እጅግ ብዙ ነበር። በ1240 የተመሠረተው የሲዬና ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉ፣ የሕክምና ምርምር ተቋማት፣ የኪጃና የሙዚቃ አካዳሚ፣ የጥንት ሕንፃዎች እድሳት ሁሉም ከዚህ ምንጭ ጠጥተዋል። በየዓመቱ ሐምሌ 2 እና ነሐሴ 16 ቀን በካምፖ አደባባይ በሚካሄደው የፓሊዮ የፈረስ ግልቢያ የሚወዳደሩት ኮንትራዳ የሚባሉ 17 ሰፈሮች ናቸው። ኮንትራዳ ከሰፈርም በላይ ነው፤ የራሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ሙዚየም፣ ዓርማና አለቃ አለው፤ ሕፃን ሲወለድ የሚቀበለው፣ ሰው ሲሞት የሚሸኘው እርሱ ነው። ለእነዚህም ሰፈሮች ከባንኩና ከፋውንዴሽኑ የሚደርሳቸው ድርሻ ነበር። የባንኩን ስም በደረቱ የያዘው የከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድንም በጣሊያን ሻምፒዮና ላይ ለዓመታት ነገሠ። ሕዝቡ ባንኩን «ባቦ ሞንቴ»፣ ማለትም አባባ ሞንቴ ይለው ነበር። ባንኩ ከዚህ ሁሉ በላይ የከተማዋ ትልቁ አሠሪ ነበር፤ በብዙ ቤት ውስጥ ከባንኩ ደመወዝ ወይም ጡረታ የሚቀበል አንድ ሰው አይጠፋም ነበር።

የጣሊያን ሕግ ግን ሌላ አቅጣጫ አሳይቶ ነበር። በ1998 እና 1999 የወጡት የቻምፒ ሕጎች ፋውንዴሽኖች የባንክ የበላይነታቸውን እንዲለቁና ሀብታቸውን እንዲያሰባጥሩ ይገፋፋሉ። የሚላኖው ካሪፕሎን የመሳሰሉ ፋውንዴሽኖች በሂደት ድርሻቸውን ቀንሰው ገንዘባቸውን በተለያየ ቦታ አስቀመጡ። የሲዬናው ግን አክሲዮኑን አጥብቆ ያዘ። ድርሻውን መሸጥ ከተማዋን መሸጥ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ለሹመት የሚወዳደር ፖለቲከኛ ይህን ሐሳብ ሊያነሳ አይደፍርም። ፋውንዴሽኑ እንዲህ ሆኖ ሀብቱን ከሞላ ጎደል በአንድ ባንክ ላይ ብቻ አኖረ። ለ1624ቱ ባንክ ማሬማ ነበረችለት፤ የ2000ዎቹ ሲዬና ግን ከባንኩ ሌላ ማሬማ አልነበራትም።

የአንቶንቬኔታ ግዢ

በ2007 የጣሊያን ትልልቅ ባንኮች እየተዋሐዱ ነበር። ኢንቴሳ ከሳንፓዎሎ ጋር ተቀላቀለ፤ ዩኒክሬዲት ካፒታሊያን ጠቀለለ። በሲዬና የነበረው ስጋት ትንሽ ሆኖ የቀረ ይዋጣል የሚል ነበር። ስለዚህ የከተማዋ ሆኖ ለመቀጠል ባንኩ ከከተማዋ ርቆ ማደግ አለበት የሚል መደምደሚያ ተደረሰ። ለዚህ የተገኘው ዕድል ዋና መሥሪያ ቤቱ በፓዶቫ የነበረው አንቶንቬኔታ ባንክ ነው። የስፔኑ ሳንታንዴር የሆላንዱ ኤቢኤን አምሮ ሲከፋፈል ይህን ባንክ በ6.6 ቢሊዮን ዩሮ ግምት አግኝቶት ነበር። ሞንቴ ዴይ ፓስኪ ኅዳር 8 ቀን 2007 በ9 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። በወቅቱ የባንኩ የቦርድ ሰብሳቢ ቀድሞ የፋውንዴሽኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጠበቃ ጁዜፔ ሙሳሪ ነበሩ።

ገንዘቡ የመጣው በአዲስ አክሲዮን፣ በብድርና በቦንድ ነው። ፋውንዴሽኑ የበላይነቱ እንዳይቀንስ በአክሲዮን ጭማሪው ላይ ያለ የሌለ ሀብቱን አፈሰሰ። ከገንዘቡ ሌላው ክፍል ደግሞ ከደንበኞች ኪስ ወጣ። በ2008 ባንኩ ከሁለት ቢሊዮን ዩሮ የሚበልጥ የበታች ቦንድ ለተራ ደንበኞች ሸጠ፤ ዝቅተኛው መግዣ 1 ሺህ ዩሮ ነበር። የበታች ቦንድ ማለት ባንኩ ቢከስር ከሌሎች አበዳሪዎች ሁሉ በኋላ የሚከፈል፣ ሊጠፋም የሚችል ዕዳ ነው። ቦንዱ የተሸጠው ግን ደንበኛው ለዓመታት ደብተሩን ባስመዘገበበት በዚያው መስኮት፣ በሚያውቀው ሠራተኛ እጅ ነው። በአካባቢው ባንክና በነዋሪው መካከል ያለ መተማመን በዚህ መልኩ ለግዢው ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆነ።

ግዢው ሲጠናቀቅ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ደረሰ። የትርፍ ድርሻው እንዳይቋረጥ ኪሳራን ወደ ፊት የሚገፉ ውስብስብ ውሎች ተፈረሙ፤ ከዶይቼ ባንክ ጋር የተደረገው «ሳንቶሪኒ»፣ ከጃፓኑ ኖሙራ ጋር የተደረገው ደግሞ «አሌክሳንድሪያ» ይባሉ ነበር። እነዚህ ውሎች በጥር 2013 ለሕዝብ ይፋ ሲወጡ ባንኩ ከእነርሱ ጋር የተያያዘ 730 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ኪሳራ መዘገበ። ሙሳሪ ከቦርድ ሰብሳቢነቱ በ2012 ወርደው ነበር። በ2019 የሚላኖ ፍርድ ቤት ከእነዚህ ውሎች ጋር በተያያዘ በሙሳሪና በሌሎች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ ቢሰጥም፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2022 በነጻ አሰናብቷቸዋል። በወንጀል የሚጠየቅ ሰው አለመገኘቱ ራሱ አንድ ነገር ያመለክታል፤ ጥፋቱ በአሠራሩ ውስጥ የተዘረጋ እንጂ በጥቂት ሰዎች ብቻ የሚመካኝ አልነበረም።

ፋውንዴሽኑ ድርሻውን ላለመልቀቅ በ2011 በተደረገው ሌላ የካፒታል ጭማሪ ላይ ተበድሮ ጭምር ገባ። ለበጎ አድራጎት የቆመ ተቋም ለብድር ዋስትና ያስያዘው ዋጋው በየቀኑ የሚወርደውን የባንኩን አክሲዮን ነበር። ያ ሁሉ ሲደረግ የባንኩ የተበላሸ ብድር ከጣሊያን የኢኮኖሚ ድቀት ጋር እያበጠ ሄዶ ወደ 45 ቢሊዮን ዩሮ ተጠጋ።

በከተማዋ ላይ የደረሰው

በ2014 ፋውንዴሽኑ አበዳሪዎቹን ለመክፈል ድርሻውን ሸጦ የቀረው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር። ለከተማዋ ይሰጥ የነበረው ገንዘብም ምንጩ ደረቀ። የቅርጫት ኳስ ቡድኑና በጣሊያን አንደኛ ሊግ ይጫወት የነበረው የእግር ኳስ ክለብ ሁለቱም በ2014 በኪሳራ ከሙያ ውድድር ወጡ። ዩኒቨርሲቲው፣ የምርምር ማዕከላቱና የባህል ድርጅቶቹ በጀታቸውን ለመቁረጥ ተገደዱ። ፓሊዮ ግን አልተቋረጠም፤ ሰፈሮቹ ከባንኩ በፊትም በአባሎቻቸው መዋጮ የኖሩ ስለሆኑ ያንኑ ልማድ አጠናከሩ። የራሱ ምንጭ ያለው ተቋም ሲተርፍ፣ ምንጩን ሁሉ በአንድ በኩል ያደረገው ተቋም አብሮ ሲወድቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ባንኩ በ2014 የ5 ቢሊዮን፣ በ2015 የ3 ቢሊዮን ዩሮ አዲስ አክሲዮን ቢሸጥም አልተረፈም። በ2016 የአውሮፓ የባንክ ባለሥልጣን ከፈተናቸው 51 ባንኮች መካከል የመጨረሻውን ውጤት አገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ 5 ቢሊዮን ዩሮ ከግል ገበያ ለማሰባሰብ ያደረገው ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር መንግሥት ጣልቃ ገባ። የአውሮፓ ኮሚሽን በሐምሌ 2017 የፈቀደው ዕቅድ መንግሥት 5.4 ቢሊዮን ዩሮ እንዲያስገባ፣ 26 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የተበላሸ ብድር እንዲወገድ፣ 5,500 የሥራ መደቦች እንዲቀነሱና ከ2 ሺህ ገደማ ቅርንጫፎች 600 ያህሉ እንዲዘጉ የሚያዝ ነበር። የበታች ቦንድ የያዙ ሰዎች ቦንዳቸው ወደ አክሲዮን ተለወጠ። ሆኖም አደጋው በሚገባ ሳይነገራቸው የገዙ ተራ ደንበኞች ካሳ እንዲያገኙ ተደረገ፤ ለዚህ የተመደበው እስከ 1.5 ቢሊዮን ዩሮ ነበር።

ከውድቀት በኋላ

ኮሚሽኑ መንግሥት ድርሻውን በጊዜ እንዲሸጥ አስገድዶ ነበር። ለዩኒክሬዲት ለመሸጥ የተጀመረው ድርድር በጥቅምት 2021 ከሸፈ። በ2022 መጀመሪያ ሉዊጂ ሎቫሊዮ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት 2.5 ቢሊዮን ዩሮ አዲስ ካፒታል ተሰበሰበ፤ ከዚህ ውስጥ 1.6 ቢሊዮኑ የመንግሥት ነበር። ከ4 ሺህ በላይ ሠራተኞችም ከጊዜያቸው ቀድመው በፈቃደኝነት ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ የወለድ መጠን በአውሮፓ ሲጨምር ባንኩ በ2023 ከ2 ቢሊዮን ዩሮ በላይ አተረፈ። መንግሥት ከኅዳር 2023 ጀምሮ ድርሻውን በሦስት ዙር ሸጦ ወደ 11.7 በመቶ አወረደው። በጥር 2025 ባንኩ በ1946 የተመሠረተውን የሚላኖውን የኢንቨስትመንት ባንክ ሜዲዮባንካን ለመግዛት ጥያቄ አቀረበ፤ በመስከረም ወር 86.3 በመቶ ያህል አክሲዮኑን ሰበሰበ። በ2017 በመንግሥት ገንዘብ የተረፈ ባንክ የጣሊያን ካፒታል መሪ የነበረውን ተቋም ገዛ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ በሲዬና ቢቆይም ውሳኔ ሰጪዎቹ ባለድርሻዎች ግን ሚላኖና ሮማ ያሉ ባለሀብቶች ናቸው። ፋውንዴሽኑ ባነሰ ሀብትና በተሰባጠረ ኢንቨስትመንት ሥራውን ቀጥሏል፤ በባንኩ ላይ ያለው ድርሻ ግን እዚህ ግባ የማይባል ነው።

ለአካባቢ ባንኮች ምን ያስተምራል?

ከሲዬና ታሪክ በመነሳት ለአካባቢ ያደረ ባንክ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በጀርመን የሽፓርካሰን ቁጠባ ባንኮች፣ የመጀመሪያው በ1778 ሃምቡርግ ውስጥ ከተከፈተ ወዲህ፣ በከተሞችና በአውራጃዎች ተመሥርተው በየአካባቢያቸው ይሠራሉ። ከመደበኛ ክልላቸው ውጭ አይሠሩም፤ ትርፋቸው በካፒታል ላይ ይታከላል ወይም ለአካባቢው ጥቅም ይውላል፤ ከተማዋም ባንኩን እንደ አክሲዮን አትሸጠውም። በእነርሱም በኩል ትልቁ ጉዳት የደረሰው ከክልላቸው ወጥተው ዓለም አቀፍ ቦንድ የገዙትን የየክልሉን ማዕከላዊ ባንኮች ተከትሎ ነው፤ ከእነዚህ ማዕከላዊ ባንኮች አንዱ የነበረው ዌስትኤልቢ በ2012 ተበትኗል። የአካባቢ ባንክ ጉልበት ተበዳሪውን በቅርብ ማወቁ ነው። ፓዶቫ ያለን ባንክ በ9 ቢሊዮን ዩሮ መግዛት ግን ይህን ዕውቀት አይፈልግም፤ ዕውቀቱም ለዚያ ዓይነት ውሳኔ አይጠቅምም።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ቅርበት መለየት አለባቸው። አበዳሪው ለተበዳሪው መቅረቡ ጥቅም ነው። ባለቤቱ፣ ሿሚውና ተጠቃሚው አንድ ሆነው መቅረባቸው ግን ተቆጣጣሪውን ያጠፋል። በሲዬና የጠፋው ይህ ልዩነት ነው። ፋውንዴሽኑ በ2000 አካባቢ ድርሻውን ቀንሶ ሀብቱን ቢያሰባጥር ኖሮ ባንኩ ቢወድቅ እንኳ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉ ድጋፋቸውን ባላጡ ነበር። ሹመቱ ከተጠቃሚው ቢለይ ኖሮ የአንቶንቬኔታን ዋጋ የሚጠይቅ ቦርድ ሊገኝ ይችል ነበር። የበታች ቦንዱ ለቁጠባ ደንበኞች ባይሸጥ ኖሮ የባንኩ ኪሳራ ወደ ቤታቸው ባልገባም ነበር። በ1624 የተጻፈው ውል ይህን ጥበቃ ለባንኩ አስገኝቶለት ነበር፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ከተማዋ ለራሷ ሳታበጀው ቀረች።